በኮላ የተጻፈ ቃል

«እማ፣ ካርዱን ሲያነብልሽ ዓይኑ የት ነበር?»

ልጄ ይህን የጠየቀችኝ እግሯን ሳጥባት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ እግሯን ራሷ መታጠብ ትችላለች፣ አውቃለሁ። እኔ ግን በጣቶቿ መሃል ውኃ ቀርቶ ይበርዳታል ብዬ ስለምፈራ በእጄ ካላደረቅኩት ልቤ አያርፍም። ፎጣውን እንደያዝኩ ቀና አልኩ። ካርዱ መደርደሪያው ላይ፣ ከመስተዋቱ አጠገብ ተከፍቶ ቆሟል። የመስኮቱ ብርሃን አርፎበት የብር ፊደሎቹ ያንጸባርቃሉ።

ሲያነብልኝ እኔ የማየው ፊደሎቹን ነበር። አንዱንም አላውቀውም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ያበራሁት በገዛ እጄ ስለነበር፣ የተወለደ ሕፃን ፊት እንደሚያይ ሰው አፍጥጬባቸው ነበር። የእሱን ዓይን አላየሁም።

«የሰው ዓይን አንቺን ምን አገባሽ?» አልኳትና ሌላኛውን እግሯን ሳብ አደረግኩ።

ሚጡ ዝም አለች። ዝም ስትል የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች። ያን ቀን እንደ ነከሰችው ዋለች፤ እኔም ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት። እናቷን ለብቻዋ የለመደች ልጅ ትቀናለች ብዬ። ደስ ብሎኝ ነበርና የሌላው ሰው ዝምታ ሁሉ ቅናት ይመስለኝ ነበር።

*

የምሠራው የመልካም ምኞት ካርድ በእጅ በሚዘጋጅበት ክፍል ውስጥ ነበር። ከታች የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለ፤ እኛ ከላይ ነን፣ አራት ሴቶችና አንድ ወንድ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ። መደብሩም ክፍሉም የእትዬ ነው። ወንዱ የእትዬ ልጅ ነው። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁላችንም ጸሐፊው እንለዋለን፤ ካርዱ ውስጥ የሚገባውን ቃል የሚጽፈው እሱ ብቻ ነውና።

የሚጽፈው በቀለም አይደለም፣ በኮላ ነው። ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ጠርሙስ ነበረው። እሱን እየጨመቀ ነጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ኮላው እንደ ውኃ የጠራ ስለሆነ የተጻፈው አይታይም፣ ወረቀቱ ባዶ ይመስላል። ያኔ ወደ እኔ ይገፋዋል። ትንፋሼን ይዤ ብልጭልጩን ዱቄት እበትንበታለሁ፣ ወረቀቱን ዘንበል አደርገዋለሁ፣ ጀርባውን በጣቴ መታ መታ። የተረፈው ትሪው ላይ ይራገፋል፣ ኮላው የያዘው ይቀራል። ከባዶ ወረቀት ላይ ቃል ይወጣል። ኮላው ቶሎ ስለሚደርቅ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይጻፍም። ሁለት መስመር እሱ ይጽፋል፣ እኔ እበትናለሁ፣ ደግሞ ሁለት መስመር። ስለዚህ ጎን ለጎን መቀመጥ ነበረብን። ያስቀመጡን እትዬ ራሳቸው ናቸው።

በዚያ ክፍል መስኮት አይከፈትም። ማስነጠስ የመጣበት ሰው ወደ ደረጃው ይሮጣል። አንድ ቀን ወረቀት የምትቆርጠው ሴት መድረስ አቃታትና አንድ ማሰሮ ሙሉ ወርቅማ ዱቄት ፊታችን ላይ በተነችው። እትዬ ሲገቡ አምስታችንም እንደ ሐውልት አንጸባርቀን ተቀምጠናል። ይህቺን ሴት መቀስ እንላታለን፤ ስሙ የወጣላት ለወረቀቱ ብቻ አልነበረም፣ ለምላሷም ጭምር ነው። ፊቷን ሳትጠርግ፣ «ደመወዝ ባይጨመርልን ወርቅ ለበስን» አለች። እትዬም ሳይወዱ ሳቁ።

እኔ ብልጭታ ነበርኩ። ስሙን ያወጣልኝ ጸሐፊው ነው። ዱቄቱ ከፀጉሬ፣ ከጥፍሬ ሥር፣ ከትራሴ አይጠፋም። የሚጡ ደብተር እንኳ ያበራ ነበር። «ብልጭታ፣ ዛሬ ግንባርሽ ላይ አንዲት ኮከብ አድራለች» ይለኛል በዝግታ። እኔ ግንባሬን ስጠርግ «ተያት» ይላል።

ማንበብ አለመቻሌን መጀመሪያ ያወቀው እሱ ነው። ሥራ በጀመርኩ በወሩ አንድ ካርድ ገልብጬ ይዤ ሪባን ልለጥፍበት ስል አየኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ክፍሉ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ምንም ሳይል ካርዱን ከእጄ ወስዶ አዙሮ መለሰልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጻፈውን ሁሉ ወደ እኔ ከመግፋቱ በፊት በጆሮዬ ያነብልኝ ጀመር። የልጄ አባት ልጅቱ ጥርስ ሳታበቅል ጥሎን የሄደ ሰው ነው። ገመናዬን አይቶ የሸፈነልኝ ሰው ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የወደድኩት ያን ጊዜ ነው፤ የነገርኩት ግን ስንት ጊዜ ቆይቼ።

በሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ የእትዬ ልጅ ነዋ። ብቻችንን ስንሆን «አንተ» በይኝ አለኝ። የመጀመሪያዋን «አንተ» ለማውጣት ስምንት ወር ፈጀብኝ። ስላት ጆሮው ቀላ፤ ጠርሙሱን ጨምቆ አንድ ሙሉ ወረቀት አበላሸ።

አንድ ቀን ፊደል ልማር ይሆን ብዬ አማከርኩት። «ምን ያደርግልሻል? እኔ ዓይንሽ አይደለሁ?» አለኝ። ያን ቃል ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ስንት ጊዜ ለራሴ ደገምኩት።

*

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። በሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት ያለው አንድ ሰው ካርዶቻችንን አይቶ ኖሯል። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት ልጅ የአክስቱ ልጅ ነበረችና በእሷ እጅ ላከልኝ። ጸሐፊው አነበበልኝ። ሰውየው አንድ ክፍልና ጠረጴዛ አለኝ፣ የምትበትነውም የሚጽፈውም ኑ ይላል አለኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም። መስኮቱን እያየ ቆየና፣ «የዘንድሮው ክረምት ዝናብ ሲያቆም እንሄዳለን» አለ። እናቱ እንደማይፈቅዱ እኔም አውቃለሁ። የመደብሩ ወራሽ ከአንዲት ልጅ ካላት፣ ካልተማረች ሴት ጋር። «ለእሳቸው እኔ እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

በዚያው ሰሞን የተወለድኩበትን ቀን አላውቀውም ብዬ አጫወትኩት። «እንግዲያው እኔ እመርጥልሻለሁ» አለና መረጠልኝ። በመረጠው ቀን ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እኛ ቀረን። ካለን ወረቀት ሁሉ ወፍራሙን አወጣ። ዳሩን በመቀስ ሳይሆን በማስመሪያ ቀደደው፣ የተቀደደ ዳር ደስ እንደሚለኝ ያውቃል። መጻፍ ጀመረ። ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ አነሣ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ለሌላ ሰው ስጽፍ አይደለማ» አለኝ።

በሌላ ጊዜ ከመበተኔ በፊት ያነብልኛል። ያን ቀን ዝም ብሎ ገፋው፣ እኔም ልቤ እየዘለለ በተንኩበት። ሁለት መስመር፣ ደግሞ ሁለት መስመር። የብሩን ዱቄት ነው የመረጥኩት፣ የደቀቀውን። ሲያልቅ ካርዱን ብድግ አድርጎ እንዲህ ብሎ አነበበልኝ፦

«እጅሽ የነካው ሁሉ ያበራል። እኔንም ነክተሽኛል። የትም ብትሄጂ ካንቺ ጋር እሄዳለሁ። ዓይንሽን እያየሁ አረጃለሁ። ጠብቂኝ።»

አንድ ጊዜ ሰምቼው በቃሌ ያዝኩት። ካርዱን ወስጄ መደርደሪያዬ ላይ ከፍቼ አቆምኩት፣ የገባ ሁሉ እንዲያይልኝ።

*

አሁን ሳስበው ምልክት አላጣሁም ነበር።

ሚጡ ካርዱን ሦስት ጊዜ ከመስተዋቱ ኋላ ደበቀችው። ሦስት ጊዜም አውጥቼ መለስኩት፤ በሦስተኛው ቆነጠጥኳት። አላለቀሰችም። ክንዷን እያሻሸች አየችኝ እንጂ።

ደግሞ መቀስ ልትጠይቀን መጣች፤ ሚጡን ሳል ይዟት ነበር። ብርቱካን ይዛ፣ ከበሩ ጀምራ እያወራች ገባች፤ ደረጃችንን ሰደበች፣ መጋረጃዬን ሰደበች፣ ልጅቱን በግድ ምላሷን አስወጥታ አየች። ከዚያ መደርደሪያው ፊት ቆመች። ዝም አለች። ሻዩን ሳትጨርስ ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች። መቀስ ዝም ያለችበትን ቀን ልብ አለማለት፣ ጣራ ሲያፈስ ላብ ነው እንደ ማለት ነው። እኔ ግን የቀረውን ሻይ ደፍቼ ብርጭቆውን አጠብኩ። ካርዱ አምሯት ነው አልኩ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ በስውር ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ካርዱ በተሰጠኝ በሳምንቱ ነው የተመዘገብኩት። ዓይኔ እሱ ነው፤ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ካርድ ብቻ፣ በገዛ እጄ በኮላ ጽፌ ልሰጠው ፈለግኩ። ሌላ ሰው ያልጻፈልኝን፣ ሌላ ሰው ያልበተነልኝን። እሱን ልብስ አጥባለሁ እያልኩ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ እቀመጣለሁ። አብረውኝ የሚማሩት እናቶች ናቸው፣ ከአንድ ዘበኛ በስተቀር። እሳቸው የሚማሩት ሃያ ዓመት የጠበቁት ሕንፃ ላይ ምን ተጽፎ እንደኖረ ለማወቅ ነው። መምህርታችን ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ሁላችንንም «እርስዎ» ትለናለች። በሕይወቴ «እርስዎ» የተባልኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ዝናቡ ሊያቆም ጥቂት ቀን ቀረው፤ የምንሄድበትንም ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ብለን ቆርጠናል። የምንኖርበትን ክፍል በወሩ መጨረሻ እንደምለቅ ለአከራዬ ተናግሬአለሁ። የሚጡን የመልቀቂያ ወረቀት ከትምህርት ቤቷ አውጥቻለሁ። ሁለት ሻንጣ አስሬ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ በየቀኑ ፈትቼ የልጅቱ ሹራብ መኖሩን አይና መልሼ አስራለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የምመለስበት ነገር አልነበረኝም። ሁሉን ያደረግኩት በአንድ ሰው ቃል ነው።

*

መምህርታችን፣ ለቅዳሜ ከቤት የምትወዱትን አንድ ጽሑፍ አምጡና በክፍሉ ፊት ታነባላችሁ አለችን። ዘበኛው የጋዜጣ ቁራጭ አመጡ። አንዷ የሳሙና መጠቅለያ አመጣች። እኔ ካርዴን አመጣሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ተንኮል ነበረበት። ካርዱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ብደናቀፍ እንኳ ከአፌ ይወጣል ብዬ ነው የመረጥኩት። ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተለማመድኩበትም። ሰው የገዛ ጣቱን አይቆጥርም።

ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ፊደሎቹ በፀሐዩ ስለሚያንጸባርቁ ካርዱን ወደ ጥላው አዞርኩት። ጣቴን ከሥሩ አደረግኩ።

«እ…ጅሽ… የነ…ካው… ሁ…ሉ… ያ…በ…ራል።»

አጨበጨቡልኝ። ዘበኛው «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። ፊቴ ጋለ። እውነት ነው፣ እያነበብኩ ነው፤ ፊደሉ የሚለውና አፌ የሚለው አንድ ሆነ። ቀጠልኩ።

«እኔ… ግን… ካን…ቺ… ጋር… አል…ሄ…ድም።»

ቆምኩ። እንዲህ አልነበረም። ተመለስኩና ከ«እኔ» ጀምሬ እንደገና አነበብኩት፣ ያው ወጣ። ወደ መምህርታችን ዞርኩ።

«ተሳሳትኩ መሰለኝ» አልኳት።

ቀርባ በትከሻዬ በኩል ካርዱን አየችው። ብዙ ጊዜ ስሳሳት ቶሎ ታርመኛለች። ያን ቀን ቆየች።

«አልተሳሳቱም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ ላይ ይበቃል። ይቀመጡ።»

አልተቀመጥኩም። እኔ ተማሪ ስሆን ግትር ነኝ፣ የጀመርኩትን አልተውም። ደግሞም ገና ማንበብ የጀመረ ሰው የሚያነበውን ወዲያው አይሰማም። ቃሉ አንድ በአንድ እንደ ዶቃ ይወድቃል፣ ክሩ የሚገባው በኋላ ነው። እኔ ፊደል ስለቅም ክፍሉ ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ሰማ።

«እና…ቴ… ሌላ… አጭ…ታል…ኛለች። ከቤ…ቷ… መው…ጣት… አል…ችልም። ዓይን…ሽን… እያየ…ሁ… መና…ገር… ስላ…ቃተኝ… ጻፍ…ኩት። አት…ጠብ…ቂኝ።»

ቀና ስል ዘበኛው ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ሳሙና ያመጣችው ሴት መሬት መሬት ታያለች። ያኔ ክሩ ገባ። ሁሉም ዶቃ በአንድ ጊዜ ተሰካ።

የመጀመሪያዬ ነበር። ሙሉ ጽሑፍ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳልሳሳት ያነበብኩት። እጄ ያበራው ነገር ሁሉ በዚያች ቅጽበት ቀዘቀዘብኝ።

*

ቤት ስደርስ ሚጡ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሥዕል ትሥላለች። ካርዱን ፊቷ አስቀመጥኩት።

«መቼ ነው ያነበብሽው?»

«ያመጣሽው ቀን» አለች።

«ለምንድነው ያልነገርሽኝ?»

እርሳሷን አስቀመጠች። «ጠየቅኩሽ እኮ፣ እማ። ዓይኑ የት ነበር ብዬ። ሌላ ካርድ ያነበበልሽ መስሎኝ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ከዚያ ልብስ ስታጥቢ መዝፈን ጀመርሽ። ዘፍነሽ አታውቂም ነበር።»

ክንዷን ሳብኩ። የቆነጠጥኩት ቦታ ላይ ምንም ምልክት የለም፣ ቆይቷል። እኔ ግን ቦታውን አውቀዋለሁ። ሳምኩት። «አይጎዳኝም» አለችኝ፤ ይህን ያለችው እንዳላለቅስ እንደሆነ ገባኝ።

የከፋኝ አለመሄዱ ብቻ አልነበረም። ሰው ፈርቶ ይቀራል። የከፋኝ አምስት ወር ሙሉ ያ ካርድ ከመስተዋቴ አጠገብ መቆሙ ነው። ቀሚሷ ከኋላዋ ተቀዶ በገበያ መሃል ደረቷን ነፍታ እንደምትሄድ ሴት ነበርኩ። አከራዬ አይተውታል። መቀስ አይታዋለች። የአሥር ዓመት ልጄ ብቻዋን ተሸክማዋለች። ያን ቃል ለማንም እንዲታይ ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በደቀቀው ብር፣ ትንፋሼን ይዤ።

*

ሰኞ እትዬ ነጭ ወረቀት በሁለት እጃቸው ተሸክመው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔና በእሱ መሃል አስቀመጡት። ለልጃቸው የሠርግ ጥሪ የሚሆን ነው። «ብር ይሁን» አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ አድርገው፤ «እጅሽን አሳምሪበት፣ ልጄ። ካንቺ ሌላ ማን ይሠራልኛል?» የሚያውቁ አልመሰለኝም። ወይም በጣም ያውቃሉ። እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ የጠርሙሱን ጫፍ በመርፌ ይከፍታል። የምሳ ሰዓት ደረሰ። ሌሎቹ ወጡ፤ መቀስ በሩ ላይ ቆማ እኔን ታያለች። በዓይኔ ሂጂ አልኳት።

«የእናቴ ሥራ ነው» አለኝ ቶሎ ብሎ። «ላስረዳሽ ነበር። ይህን ጥሪ እንዲሁ እንጽፈዋለን እንጂ…»

ካርዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። «መጀመሪያ ይህን አንብብልኝ» አልኩት።

ፊቱ በራ። የናፈቀኝ መሰለው። ካርዱን ብድግ አደረገ። እኔም ያን ጊዜ ያላየሁትን ለማየት ዓይኑን አየሁት።

«እጅሽ የነካው ሁሉ ያበራል…» ብሎ ጀመረ። እስኪጨርስ አንድ ጊዜ እንኳ ወረቀቱን አላየም። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ቆንጆ ዓይን። መጨረሻው ላይ መጀመሪያ ያልነበረ ቃል ጨመረበት፤ «ነፍሴ» አለኝ። የልጄ ጥያቄ መልስ ይኸው ነበር። ያኔ አይቼው ቢሆን ኖሮም ፍቅር ነው እለው ነበር።

እጄን ዘርግቼ ካርዱን ተቀበልኩት።

«አሁን ደግሞ እኔ ላንብብልዎት» አልኩ። «እርስዎ» ማለቴን መጀመሪያ የሰማሁት እኔው ነኝ። ሌላው ከአፌ አልወጣ አለ።

ጣቴን ከሥሩ አደረግኩ፣ አነበብኩ። እንደ ቅዳሜው አልተንተባተብኩም። «አልሄድም» የሚለው ላይ ስደርስ በእጁ የያዘው ጠርሙስ ተጨመቀ፤ ኮላው ነጩ ወረቀት ላይ ኩሬ ሠራ። እስከ «አትጠብቂኝ» ድረስ አነበብኩለት።

ከዚያ፣ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣ ቃል ተናገረ።

«ጽፌልሽ ነበር እኮ። አልደበቅኩሽም። ጽፌ በእጅሽ ሰጠሁሽ።»

«ማንበብ ለማልችል ለእኔ?»

«አንድ ቦታ ላይ እውነቱን ካላስቀመጥኩት መኖር አቃተኝ። እወድሻለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል… እናቴን ታውቂያታለሽ።»

«እናትዎን አውቃቸዋለሁ» አልኩ። «እርስዎን ነው ያላወቅኩት። ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጥቻለሁ። ቤቴን ለቅቄአለሁ። ዓርብ ጠዋት ሻንጣዬንና ልጄን ይዤ አውቶቡስ ጣቢያ ስቆም ማን ሊመጣ ነበር?»

ኩሬውን በጣቱ እየነካ፣ «ደብዳቤ ልልክልሽ አስቤ ነበር» አለ።

«ማን እንዲያነብልኝ?»

አለቀሰ። የሚያለቅስ ወንድ ሳይ እጄ ወደ ፊቱ የመሄድ ልማድ አለው፤ ከጠረጴዛው ሥር በሌላኛው እጄ ያዝኩት። «አትሂጂ» አለኝ። «እዚሁ ሁኚ። ከሠርጉም በኋላ ምንም አይለወጥም። አንቺ እዚህ፣ እኔ እዚህ፣ በዚህ ጠረጴዛ። እንደ ድሮው አነብልሻለሁ።»

ያን ጠረጴዛ አየሁት። እሱ በባዶ ወረቀት ላይ የማይታይ ነገር ሲጽፍ፣ እኔ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሳበራለት፣ ፀጉሬ በብር ፈንታ በሽበት እስኪያንጸባርቅ። ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ልቤ እሺ ሊል ነበር። ገመናዬን የሸፈነልኝ ለካ መሸፈኛውን ለራሱም ፈልጎት ነው።

ከክምሩ ሥር ያልተበላሸ አንድ ወረቀት መዘዝኩ። ጠርሙሱን ከእጁ ወሰድኩ። ጽፌ አላውቅም፣ በዚያ ጠርሙስ ማለቴ ነው። ኮላው ይፈጥናል፣ እጄ ይዘገያል። ሁለት መስመር ጻፍኩ፣ ለእሱ የጻፍኩት የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ካርድ ነው። የብሩ ዱቄት ክንዴ አጠገብ ነበር። አልበተንኩበትም። እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከደረቀ በኋላ ዱቄት አይዝም፤ ምን ቢደረግ ቃሉን ማንም አያወጣውም። ፊቱ አስቀመጥኩለት፣ ነጭ፣ ባዶ የሚመስል።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ጽፌልዎታለሁ» አልኩና ተነሣሁ።

*

የማተሚያ ቤቱ ሰው ደብዳቤ አሁንም ሻንጣው ውስጥ ነበር። ለማውጣት ፈራሁ። እሱም ሌላ ነገር የሚል ቢሆንስ? ከሚጡ ጋር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን አነበብነው፤ እኔ ጮክ ብዬ፣ እሷ በዓይኗ። ግማሽ መንገድ ላይ ልትረዳኝ አፏን ስትከፍት ተይኝ አልኳት። «የምትበትነውም የሚጽፈውም ኑ። እሱ ባይመቸውም አንቺ ነይ፣ ክፍሉ አለ» ይላል።

«ይሄኛውን ልክ ነው ያነበበልሽ» አለች ሚጡ።

«ግማሹን» አልኳት።

ዓርብ ጠዋት ዝናቡ አቁሞ ነበር። መቀስ ጣቢያ መጣች። ሻንጣዬን ከእጄ ቀምታ ጫነችው፣ ሾፌሩን ቀስ ብለህ ካልነዳህ ወዮልህ ብላ አስፈራራችው። ከዚያ የራሷን መቀስ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። የወረቀቱን።

«ምን ልበልሽ ነበር?» አለችኝ፣ ሌላ ቦታ እያየች። «ስታንጸባርቂ እያየሁ ደስታሽን በዚህ ልቁረጠው?»

ልቆጣት ፈለግኩ። አልሆነልኝም። አቅፌያት ስለቅቃት ትከሻዋ ላይ ብር ቀርቷል።

መቀመጫችን ላይ ሆኜ በሩን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሚጡ ሹራቧን ለብሳለች፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ። አውቶቡሱ ተነሣ። «እማ፣ ካርዱ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» አለችኝ፤ በጆሮዋ ነገርኳት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ከመስኮቱ ውጪ የሱቅ ስሞች ያልፋሉ፤ የደረስኩባቸውን አነብባለሁ፣ አንዳንዶቹ ሳልጨርሳቸው ያመልጡኛል።

ጸሐፊው በእናቱ ቤት፣ በዚያ ጠረጴዛ ቀረ። እኔና ልጄ ሄድን።